ቀትር ላይ የሚጠፋው ቁጥር

ሻርጃ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ለጋሼ አምባቸው ወልደ ዮሐንስ፤ ባሕር ዳር፣ ሰባታሚት

የጣና ገዳማት ጸሎት ከእርስዎም ከእማዬም አይለይ እያልኩ የናፍቆት ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እንዴት ናችሁ? እኔ ሙቀቱ ካላቃጠለኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን።

ጋሼ፣ በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን የሚሉት ነው እንዳይሉኝ። እማዬ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ ሰፈሩን ትጠራለች። የእርስዎን ጤና ስጠይቅ ሦስት ጎረቤቶች በአንድ አፍ ይመልሱልኛል። እሱም ኔትወርክ ሲኖር ነው። ስለዚህ አብራኝ የምትኖረው እናትዓለም ለእረፍት ስትመጣ ይህን በእጇ ሰጠኋት።

ከእሷ ጋር የፀሐይ መነጽር ልኬልዎታለሁ። ትልቅ ሱቅ ገብቼ ራሴ መርጬ የገዛሁት ነው። ተራ ጥቁር መነጽር እንዳይመስልዎ፤ ከውኃ ላይ የሚመለሰውን ጨረር ይቆርጣል። ባለፈው «ሐይቁ ዳር ስነዳ ፀሐይዋ ከውኃው ነጥራ ዓይኔን ትወጋኛለች» ብለውኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የአያቴ ነገር እርስዎ ላይ እንዳይደገም እፈራለሁ። ቃል ይግቡልኝ፤ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ሳያደርጉት እንዳይነዱ።

ሥራዬ ጥሩ ነው። የመኪና አከራይ ድርጅት ስለሆነ ወረቀቱ ብዙ ነው እንጂ ቢሮው ቀዝቃዛ ነው፤ ተቀምጬ ነው የምውለው። ስለ እኔ አያስቡ።

ጉልበትዎን ስሜ፣
ሩሐማ


ሰባታሚት፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ

የአያትሽ አምላክ ከክፉ ይሠውርሽ። እኛ ደህና ነን። እናትሽ ፅጌ ማርያም ወገቧን ይዟታል፤ ምላሷን ግን አልያዛትም፤ ተመስገን ነው።

መነጽሩ ደረሰኝ። እንዲህ ያለ ነገር ፊቴ ላይ አርፎ አያውቅም። አለቃዬ ዶክተር እሌኒ አይተውኝ «ጋሼ አምባቸው፣ ዛሬ እኔ ነኝ መንዳት ያለብኝ፤ እርስዎ ከኋላ ይቀመጡ» አሉኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ቃሌን እጠብቃለሁ።

እኔም ወሬ አለኝ። አዲስ መኪና መጥቶልናል። መቼም የኛን ሥራ ታውቂዋለሽ፤ ዶክተር እሌኒን ይዤ ሐይቁን ዳር ዳሩን ስዞር፣ እንቦጩ የት ደረሰ፣ የትኛውን ወደብ ዘጋ ስንል ነው የምንውል። ይኸኛው መኪና በኤሌክትሪክ ነው የሚሄድ። ድምፅ የለውም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ስነዳ ፍጥነቴን በጆሮዬ ነበር የማውቅ፤ ሞተሩ ሲያጉረመርም ስንት ላይ እንዳለሁ ይነግረኛል። ይኸ ግን ዱዳ ነው።

ከመሪው ኋላ ቆጣሪም የለው። መሀል ላይ ያለው ስክሪን ካርታና ባትሪ ነው የሚያሳይ። ታዲያ የፍጥነቱ ቁጥር የት ያለ ይመስልሻል? ፊት ለፊት መስተዋቱ ላይ! ከዳሽቦርዱ ውስጥ ብርሃን ይረጫል፤ ቁጥሩ መስተዋቱን አልፎ ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ አስፋልቱ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። አርባ ስትነጂ 40 የሚል ነጭ ቁጥር ፊት ፊትሽ ይሮጣል። ወጣቱ ሾፌራችን ቴዎ «ሄዳፕ ይባላል ጋሼ፤ ዓይንዎን ከመንገድ ሳያነሡ እንዲያነቡት ነው» አለኝ። መጀመሪያ ቀን ሳየው አማተብሁ። የሚገርምሽ ደግሞ ከሾፌሩ በቀር ለማንም አይታይም። ዶክተር እሌኒ አጠገቤ ተቀምጠው ቢንጠራሩ ምንም የለም። በእኔና በመኪናው መካከል ያለ ምሥጢር ነው።

መነጽርሽን ቀትር ላይ ፀሐይዋ ጠንከር ስትል አደርገዋለሁ። ሐይቁ አሁን አይወጋኝም።

አጎትሽ አምባቸው


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ጋሼ አምባቸው

እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ጨምሮ ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ። በተለይ ያማተቡበት ጋ ስደርስ እናትዓለም «ምን ሆነሻል?» ብላ ከአልጋዋ ተነሣች።

ያሉት ዓይነት መኪና እዚህም ሞልቷል። ከላይ በጥቁር የደፈንኩትን መስመር ይለፉት፤ የቢሮ ስልክ ጠርቶ እጄ ስቶ ነው።

መነጽሩን ስለወደዱት ደስ ብሎኛል። በጨርቁ ብቻ ይጥረጉት፤ በሸሚዝ ጫፍ እንዳይሞክሩት፤ አውቅዎታለሁ።

ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኛል፤ አጭር ስለሆነ አይቀየሙኝ። በሚቀጥለው ስለ እንቦጩ ይጻፉልኝ። ስለ ዓይንዎም ይጻፉልኝ።

ሩሐማ


ሰባታሚት፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ

ጥምቀቱን በሰላም ያሳለፈን ጌታ አንቺንም በሰው አገር አይተውሽ።

መልሱ የዘገየብሽ ሰንፌ አይደለም፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው አጥቼ ነው። እንቦጩ ያው ነው። ሰው ይነቅለዋል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። ዶክተር እሌኒ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ፤ እኔ እነዳለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሾፌር ጓደኛ አለኝ፤ አታውቂውም። ቀትር ላይ አንዳንድ ነገር ይጠፋበታል። መንገዱ ይታየዋል፣ ሰው ይታየዋል፣ ዛፍ ይታየዋል፤ ደቃቁ ነገር ብቻ ብን ብሎ ይጠፋል። ጧት ደህና ነው፤ አመሻሽም ደህና ነው። እዚያ አገር ሐኪሙ ብዙ ነውና እንዲህ ያለው በሽታ ጠብታ ይኖረው እንደሆን ጠይቂልኝ። ሐኪም ቤት ሂድ ብለው አሻፈረኝ አለ። መንጃ ፈቃዱን ይነጥቁኛል ብሎ ይፈራል።

ጥምቀት ሲመጣ አባቴ ትዝ ይሉኛል። አንቺ ስትወለጂ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበርና እንዴት እንደጀመራቸው አታውቂም። ደቅ ደሴት ድጓ ያስተምሩ ነበር። መጀመሪያ የጠፉባቸው ፊደሎቹ አይደሉም፤ ከፊደሉ በላይ ያሉት ደቃቅ ምልክቶች ናቸው፤ ዜማውን የሚመሩት እነዚያ። አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገሩም። መጽሐፉን ዘርግተው በቃላቸው ይወርዱት ነበር። አንድ ቀን አጠገባቸው ቆሜ ሁለት ቅጠል ባንድ ላይ ሲገልጡ አየሁ። ዜማው አልተቋረጠም። ያኔ ገባኝ። እኔም ዝም አልሁ።

ምን አስለፈለፈኝ? ደህና ሁኚ። መነጽሩን ከእንግዲህ ከጧት ጀምሬ ላደርገው ነው፤ ዓይን የሚጠበቀው ሳይታመም ነው።

አምባቸው


ሻርጃ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ አምባቸው

ጾሙን በበረከት ያስፈጽምዎ።

ጋሼ፣ ጠየቅኩ። ሳያዩት ጠብታ የለም አሉኝ። ለጓደኛዎ ይንገሩልኝ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። እርስዎ ራስዎ ያሳደጉኝ በዚህ ተረት ነው።

ደብዳቤዎን አራት ጊዜ አነበብኩት። የሠላሳ ሁለት ዓመት ጓደኞችዎን ሁሉ በስም አውቃቸዋለሁ፤ እዚህኛው ላይ ብቻ «አታውቂውም» አሉኝ። በስልክ ስጠይቅዎ «እንደ ዓይን ብሌን ደህና ነኝ» ብለው ለእማዬ አቀበሉብኝ። ድምፅ ማጉያው ላይ ሌላ ምን ልበል?

ማነው ጓደኛዎ? ይጻፉልኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም።

ሩሐማ


ሰባታሚት፣ መጋቢት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ

ሰላም ለአንቺ ይሁን። ጓደኛዬ እኔ ነኝ። መቼም ገብቶሻል።

የሚጠፋብኝ ያ መስተዋቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው የጀመረኝ። ቀትር ላይ ቀና ብዬ ሳይ የለም። አስፋልቱ አለ፣ አህያው አለ፣ ባጃጁ አለ፤ ቁጥሩ የለም። መኪናው ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ቴዎን «እስቲ ግባና እይ» አልሁት። «ኧረ ኩልል ብሎ ይታያል ጋሼ!» አለኝ። ሳቅሁና ወረድሁ።

ዓይኔን ልጠብቅ ብዬ መነጽርሽን ከጧት ጀምሬ ማድረግ ያዝሁ። በሽታው ግን ገፋ። መጀመሪያ ቀትር ብቻ ነበር፤ በኋላ ረፋዱንም ያዘው፤ አሁን ፀሐይ ከወጣች እስክትገባ የለም። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትሳቂ። አንገቴን ወደ ትከሻዬ ዘንበል ሳደርግ ቁጥሩ እንደ ጭላንጭል ብቅ ይልና ቀና ስል ይጠፋል። አባቴም በመጨረሻ ዘመናቸው አንገታቸውን እንዲሁ ያዘነብሉ ነበር። የመኪናው ጎን መስታወት ውስጥ ራሴን ሳይ ቁጭ እሳቸውን መሰልሁ። ፈራሁ፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ሕፃን ፈራሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ከዩኒቨርሲቲው ከፔዳ በር ወጥተን ወደ ዓባይ ድልድይ ስንሄድ ዶክተር እሌኒ «ጋሼ፣ ስንት እየነዱ ነው?» አሉኝ። «አርባ» አልሁ። ከየት አባቴ አምጥቼው? መኪናው እንደሁ አይናገርም። ወዲያው አንዲት ተማሪ ስልኳን እያየች ገባችብኝ። ፍሬኑን ረገጥሁት፤ የዶክተር እሌኒ ላፕቶፕ ተስፈንጥሮ ወደቀ። ልጅቱ በአንድ ክንድ ተረፈች። ዕድሜዋ ያንቺን ያህል ነው። ቀይ ቦርሳ ይዛ ነበር። ማታ ቴዎ ስክሪኑን ከፍቶ መኪናው የመዘገበውን የዚያን ሰዓት ፍጥነት ፈትሾ «ሰባ ሁለት ይላል ጋሼ» አለኝ፤ ለማንም አልተናገረም፤ ጨዋ ልጅ ነው።

በማግሥቱ ቁልፉን አስረከብሁ። «ደክሞኛል፤ ስምሪት ክፍል ወንበር ስጡኝ» ብዬ ማመልከቻ ጻፍሁ። ዶክተር እሌኒ ምክንያቱን ጠየቁኝ፤ ወገቤን ነው አልሁ። የእህቴን ወገብ ተዋስሁ። ቦታው ለቴዎ ተሰጠ። ለእናትሽ አልነገርኋትም፤ አንቺም አትንገሪ።

እውነትም ደክሞኛል። ግን እንዲህ ሆኜ መውረዴን አልፈልገውም ነበር።

መነጽሩን ስለላክሽልኝ እግዜር ያክብርሽ። አንቺ የቻልሽውን አድርገሻል።

አምባቸው


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼዬ

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። ሰላምታውን በወጉ ሳልጽፍ ወደ ነገሩ ልግባ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ዓይንዎ ደህና ነው። መነጽሩ ነው። የእኔ መነጽር ነው!

ያ መነጽር ከውኃ ላይ የነጠረውን ብርሃን የሚቆርጥ ነው። የመኪናው ቁጥርም ከመስተዋቱ ላይ ነጥሮ ነው ዓይንዎ የሚገባው። መነጽሩ የሐይቁን ነፀብራቅ ሲቆርጥ ቁጥሩንም አብሮ ቆረጠው። አንገትዎን ሲያዘነብሉ ብቅ የሚለውም ለዚሁ ነው፤ መነጽሩ ሲጋደም የሚቆርጠው አቅጣጫ ይለወጣል። ያድርጉት፤ ይጠፋል። ያውልቁት፤ ይመለሳል። አያቴ እዚህ ውስጥ የሉበትም።

ደብዳቤው ትናንት እንደደረሰኝ ደወልኩ፤ መስመሩ አልሠራም። ዛሬ ጧት እማዬ አነሣች። ከኋላዋ ሰዎች ይሰሙኛል። «ጋሼ መኪና ውስጥ መነጽሩን እንዲያወልቁ ንገሪያቸው» ብል «የምን መኪና? አስረክቦ የለም እንዴ! እኔ የማላውቅ መስሎት ነው» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁና አለቀስኩ።

እንዴት እንዳወቅኩ ደግሞ መናገር አለብኝ። ቢሮ የለኝም፣ ጋሼ። ኖሮኝም አያውቅም። ተከራይተው የመጡ መኪኖችን አጥባለሁ፤ ካጠብኩ በኋላ ለሚቀጥለው ደንበኛ አስረክባለሁ። «ቁጥሩ አይታየኝም፤ መኪናው ተበላሽቷል» የሚለኝ ደንበኛ በየቀኑ አለ። አንገቱን እያዘነበለ ያያል። «መነጽርዎን ያውልቁ» እለዋለሁ፤ ይስቃል፤ ይሄዳል። ለማላውቀው ሰው ሁሉ የምናገረውን ለእርስዎ አልተናገርኩም።

መነጽሩንም አልገዛሁትም። ሰው መኪና ውስጥ ረስቶት ሄዶ፣ ባለቤቱ ሳይመጣ ሦስት ወር ሲሞላው የተሰጠኝ ነው።

ስለ መኪናው የጻፉልኝን ታኅሣሥ ላይ ስመልስ ትዝ ብሎኝ ነበር። ጽፌውም ነበር። ከዚያ «ቢሮ የምትውል ልጅ ይህን ከየት አወቀች?» ይሉኛል ብዬ በጥቁር ደፈንኩት። ጋሼ ራሳቸው ይደርሱበታል አልኩ። አንድ መስመር ነበር፣ ጋሼ። ያቺን ልጅ ቢገጯት ኖሮ ገዳይዋ እኔ ነበርኩ።

ይሂዱና ለዶክተር እሌኒ ይንገሯቸው። ቦታዎን ይመልሱልዎ። እኔን ያሙኝ፤ ግድ የለኝም።

ሩሐማ


ሰባታሚት፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩሐማ

ትንሣኤውን ያሳየን አምላክ ልብሽን ያሳርፈው። አታልቅሺ። ልቅሶ ዓይን ይጎዳል፤ እኛ ቤት ደግሞ ዓይን ይፈራል።

ደብዳቤሽን ይዤ በቀጥታ ቴዎ ጋ ሄድሁ። መኪናው ውስጥ ገባሁ። መነጽሩን አደረግሁ፤ የለም። አወለቅሁ፤ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ለቴዎ ሰጠሁት። «ኧረ ጋሼ፣ ጠፋ! ሙልጭ!» ብሎ ጮኸ። ሁለታችንም አንገታችንን እያዘነበልን እያቃናን የጥበቃው ሰውዬ አበዱ ብሎ መጣ። ሳቅሁ። ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቼ ትንሽ ቆየሁ። ቴዎ ወርዶ ጎማ የሚያይ መሰለ።

ሐኪም ቤትም ሄድሁ። የዓይን ሞራ ጅማሬ አለ፤ ገና ነው፤ ለዕድሜህ ደህና ነህ አሉኝ።

ቦታው ግን አልተመለሰም። ለዶክተር እሌኒ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ፔዳ በር ላይ «አርባ» ብዬ መዋሸቴንም ጭምር። «ዓይንዎ ሳይሆን ዝምታዎ ነው ልጅቱን ሊገድልብኝ የነበረው» አሉ። እውነታቸውን ነው። በፊርማዬ የለቀቅሁትን መልሱልኝ ማለት አይሆንም፤ ቴዎም ቦታውን በልፋቱ ያገኘ ልጅ ነው። ስምሪት ክፍል ተቀምጬ የመውጫ ወረቀት እጽፋለሁ። ቢሮ የገባሁት እንግዲህ እኔ ሆንሁ። ቀዝቃዛ አይደለም፤ ግን ጥላ ነው።

አሁን የኔን ስሚ። የመነጽሩ ማስቀመጫ ውስጥ፣ ከጨርቁ ሥር፣ የተጣጠፈች ቁራጭ ወረቀት ነበረች። ታርጋ አለባት፣ የሰው ስም አለባት፣ በእንግሊዝኛ «የተረሳ ዕቃ» ትላለች። የደረሰኝ ዕለት ነው ያገኘኋት። አንቺ አፍረሽ የደበቅሽውን እኔ ገልጬ ምን ላደርግ ብዬ ኪሴ ከተትኋት። ያን ጊዜ «ልጄ፣ ምን ሥራ ነው የምትሠሪ?» ብዬሽ ቢሆን የምትደፍኚው መስመር ባልኖረም። ስለዚህ ብቻሽን አትሸከሚው። አባቴ ሁለት ቅጠል ሲገልጡም አይቼ ዝም ያልሁ እኔ ነኝ። ይኸ ዝምታ በዘር የመጣ ነው፤ እንደ ዓይኑ።

የታኅሣሡን ደብዳቤሽንም አወጣሁና መስኮት ላይ ለፀሐይ ይዤ አየሁት። ከጥቁሩ ሥር ይነበባል። «መነጽሩን አድርገው ሲነዱ ቁጥሩ ቢጠፋብዎ አይደንግጡ» ይላል። ይኸን ያህል ወር ሳጥኔ ውስጥ ነበር።

መኪና ማጠብን ደግሞ ነውር አታድርጊብኝ። እኔ ዓባይ ዳር በባልዲ መኪና ሳጥብ አይደል እንዴ መሪ የነካሁ?

ሐሙስ ዕለት ቴዎን ወባ ጣለውና ዶክተር እሌኒ «ጋሼ፣ ለዛሬ ብቻ» አሉኝ። ቀትር ነበር። መነጽሩን ኪሴ ውስጥ አድርጌ በሐይቁ ዳር ነዳሁ። ፀሐይዋ ከውኃው እየነጠረች ዓይኔን ወጋችው፤ እንባዬ ወረደ፤ ቁጥሩ ግን ፊት ፊቴ ይሮጣል። ፔዳ በር ስንደርስ «ስንት እየነዱ ነው?» አሉኝ።

«ሠላሳ ሰባት» አልሁ።

አንቺም እስቲ ጻፊልኝ፤ በቀን ስንት መኪና ታጥቢያለሽ? ድፍኑን አትንገሪኝ፤ ቆጥረሽ ጻፊልኝ።

አጎትሽ አምባቸው